የጠጣር አካላት ዓይነትና ጠባይ

ሀ. ከንባብ በፊት

ተማሪዎች፣ ምንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩ።

1. ጨው፣ ሰም፣ ወርቅና ባልጩት በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
2. የሸክላ ድስት ከእጅ ሲወድቅ ይሰበራል፤ የብረት ድስት ግን ይጨረመት እንደሆነ እንጂ አይሰበርም። ለምን ይመስላችኋል?
3. «ጨው ሟሟ» እና «ሰም ቀለጠ» ስንል፣ ሁለቱ ግሶች የሚናገሩት ስለ አንድ ዓይነት ለውጥ ነውን?

ለ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በመጀመሪያ በለሆሳስ፣ ቀጥሎም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ።

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የሚመክረው ሰውን ነው። ቢሆንም ጨውን ከድንጋይ ጋር ያነጻጸረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአፋር ምድር ተጠርቦ የመጣ አሞሌ ጨው ለዐይን ሲታይ ከድንጋይ እምብዛም አይለይም። እንደ ድንጋይ ይጠረባል፤ እንደ ድንጋይም ይከመራል። ነገር ግን አንድ ቁራጭ ጨውና አንድ ጥቁር ድንጋይ ውሃ በሞላባቸው ሁለት ማሰሮዎች ውስጥ ብናስቀምጥ፣ ድንጋዩ ለዓመታት እንዳለ ሲኖር ጨው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከዐይናችን ይሰወራል። ሁለቱም ጠጣር ሆነው ሳለ ይህን ያህል የተለያዩት ስለ ምንድን ነው?

የዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከውጪያዊ መልካቸው ሳይሆን ከውስጣዊ አሠራራቸው ነው። የአንድ ጠጣር ጠባይ በሁለት ነገሮች ይወሰናል። አንደኛው ከምን ዓይነት ቅንጣቶች እንደ ተሠራ ነው፤ ሁለተኛው ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው በምን እንደ ተያያዙና እንዴት እንደ ተደረደሩ ነው። ይህ ዕውቀት የሚጠቅመው ለኬሚስት ብቻ አይደለም። አንጥረኛውም፣ ቆዳ ፋቂውም፣ ጨው ነጋዴውም በየሙያቸው ሲገለገሉበት ኖረዋል። በምንባቡ መጨረሻ እንደምንመለከተውም፣ የቤተሰብን ጤና በመጠበቅ ረገድ ትልቅ ድርሻ አለው።

1. የጠጣር ውስጣዊ አሠራር

ማንኛውም ቁስ አካል ከጥቃቅን ቅንጣቶች የተሠራ ነው። ቅንጣቶቹ አቶሞች፣ ሞለኪውሎች ወይም አዮኖች ሊሆኑ ይችላሉ። በጋዝ ውስጥ ቅንጣቶቹ ተራርቀው በየአቅጣጫው ይበራሉ። በፈሳሽ ውስጥ ተቀራርበው ሳለ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ይዘዋወራል። በጠጣር ውስጥ ግን እያንዳንዱ ቅንጣት በተመደበለት ስፍራ ላይ ሆኖ ይርገበገባል እንጂ ቦታውን ለቆ አይሄድም። ጠጣር የራሱ የሆነ ቅርፅ የሚኖረው ስለዚህ ነው።

በአብዛኞቹ ጠጣሮች ውስጥ ቅንጣቶቹ በሥርዓት ተደርድረው ይገኛሉ። አንድ ዓይነት አሰላለፍ ወደ ላይም ወደ ጎንም እየተደጋገመ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ጠጣር ክሪስታል ይባላል። ይህ አሰላለፍ በዐይን አይታይም፤ በተራ አጉሊ መነጽርም አይደረስበትም። በእርግጥ ሊታወቅ የቻለው እ.ኤ.አ. በ1912 በጀርመናዊው ሊቅ በማክስ ፎን ላውኤ ሐሳብ መነሻነት የኤክስሬይ ጨረር በክሪስታል ውስጥ እንዲያልፍ ከተደረገ በኋላ ነው። በ1913 ደግሞ እንግሊዛውያኑ አባትና ልጅ፣ ዊልያም ሄንሪ ብራግና ዊልያም ሎረንስ ብራግ፣ በዚሁ ዘዴ የገበታ ጨውን ውስጣዊ አሠራር አጠኑ። ሁለቱም በ1915 የኖቤልን ሽልማት ሲቀበሉ ልጁ የ25 ዓመት ወጣት ነበር።

በዚህ ዓይነት ጥናት መሠረት ጠጣሮች በአምስት ይከፈላሉ። እነርሱም አዮናዊ፣ ሞለኪውላዊ፣ ብረታዊ፣ መረባዊና ኢክሪስታላዊ ጠጣሮች ናቸው።

2. አዮናዊ ጠጣር

ሶዲየም በቢላዋ የሚቆረጥና ከውሃ ጋር ሲገናኝ በኃይል የሚነድ ብረት ነው። ክሎሪን ደግሞ መርዛማ ጋዝ ነው። ሁለቱ ሲዋሐዱ ግን ያለ እርሱ ምግብ የማይጣፍጠውን ጨው ያስገኛሉ። በውህደቱ ጊዜ እያንዳንዱ የሶዲየም አቶም አንድ ኤሌክትሮን ለክሎሪን አቶም ይሰጣል። በዚህም ምክንያት ሶዲየሙ አዎንታዊ፣ ክሎሪኑም አሉታዊ ኤሌክትሪካዊ ሙል ይይዛሉ። እንዲህ ያለ ሙል የያዘ ቅንጣት አዮን ይባላል። ተቃራኒ ሙሎች ስለሚሳሳቡ አዮኖቹ በብርቱ ይተሳሰራሉ። ብራግና ልጁ እንዳረጋገጡት፣ በጨው ውስጥ ተለይተው የቆሙ የሶዲየምና የክሎሪን ጥንዶች የሉም፤ እያንዳንዱ የሶዲየም አዮን በስድስት የክሎሪን አዮኖች የተከበበ ነው፤ እያንዳንዱ የክሎሪን አዮንም እንዲሁ በስድስት የሶዲየም አዮኖች ይከበባል።

የጨው ጠባይ ሁሉ ከዚህ አሰላለፍ ይመነጫል። ትስስሩ ብርቱ ስለሆነ ጨው የሚቀልጠው ሙቀቱ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው፤ የማእድ ቤት እሳት ጨውን አያቀልጠውም። ነገር ግን በመዶሻ ሲመታ ይሰበራል። ምቱ አንዱን የአዮኖች ረድፍ በጥቂቱ ሲያንሸራትተው፣ ተመሳሳይ ሙል ያላቸው አዮኖች ፊት ለፊት ይገጣጠማሉ፤ ተመሳሳይ ሙሎች ደግሞ ስለሚገፋፉ ክሪስታሉ ይሰነጠቃል። አዮኖቹ በየቦታቸው ስለ ታሰሩ ደረቅ ጨው የኤሌክትሪክ ጅረት አያስተላልፍም፤ ሲቀልጥ ወይም በውሃ ሲሟሟ ግን አዮኖቹ ነፃ ስለሚሆኑ ያስተላልፋል። ውሃ ውስጥ ሲገባም የውሃ ሞለኪውሎች አዮኖቹን አንድ በአንድ እየከበቡ ከክሪስታሉ ይነጥቋቸዋል። ጨው ሟሟ የምንለው ይህን ነው።

የዚህ ጠጣር ጠባይ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ጉልህ ስፍራ አለው። በአፋር ዝቅተኛ ምድር፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው የጨው ሜዳ፣ ሠራተኞች በብርቱ ፀሐይ ጨዉን እየፈነቀሉና በመጥረቢያ እየጠረቡ ተመሳሳይ መጠን ያላቸውን አሞሌዎች ያዘጋጃሉ። አሞሌው በግመል ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግልና ከተቆረጠበት ስፍራ እየራቀ በሄደ መጠን ዋጋው እንደሚጨምር ጽፏል። አሞሌ በመገበያያነት እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ዘልቋል።

አሞሌን ለገንዘብነት ያበቃው ተፈላጊነቱ፣ በልክ ሊጠረብ መቻሉና ደርቆ ሳለ የማይበላሽ መሆኑ ነው። ነገር ግን ሲወድቅ ይሰበራል፤ ዝናብ ሲነካውም ይሟሟል። ያልተጣራ ጨው ደግሞ ከአየር እርጥበት የሚስብ የማግኒዚየም ጨው ስለሚገኝበት በክረምት ይረጥባል። ስለዚህ ነጋዴው ሀብቱን ከሌባ ብቻ ሳይሆን ከዝናብም መጠበቅ ነበረበት።

3. ሞለኪውላዊ ጠጣር

በዳሎል ከነጩ ጨው አጠገብ ቢጫ ድኝ ይገኛል። ሁለቱም በአንድ ስፍራ የሚገኙ ጠጣሮች ናቸው፤ ሆኖም ድኝ በ115 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። ከጨው ጋር ሲነጻጸር ይህ እጅግ ዝቅተኛ ነው። ምክንያቱ ድኝ የተሠራው ስምንት ስምንት አቶሞች እንደ ቀለበት ከተያያዙባቸው ሞለኪውሎች መሆኑ ነው። በአንድ ሞለኪውል ውስጥ ያሉት አቶሞች በርትተው የተሳሰሩ ናቸው፤ አንዱን ሞለኪውል ከጎረቤቱ ጋር የሚያያይዘው ስበት ግን ደካማ ነው። ሙቀት ሲጨምር በመጀመሪያ የሚላቀቀውም ይህ ደካማ ስበት ነው።

ስኳር፣ በረዶ፣ ሰም፣ ናፍታሊንና አዮዲን የዚህ ወገን ናቸው። ሞለኪውላዊ ጠጣሮች በአብዛኛው ለስላሳ ናቸው፤ በዝቅተኛ ሙቀት ይቀልጣሉ፤ ነፃ ኤሌክትሮን ወይም አዮን ስለሌላቸው የኤሌክትሪክ ጅረት አያስተላልፉም። አንዳንዶቹ ደግሞ ሳይቀልጡ በቀጥታ ወደ ጋዝ ይለወጣሉ። ልብስን ከብል ለመጠበቅ በቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠው ናፍታሊን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄዶ አንዳች እርጥበት ሳይተው የሚጠፋው ስለዚህ ነው። አዮዲንም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1811 ፈረንሳዊው ቤርናር ኩርቷ ከባሕር አረም አመድ ያገኘው ይህ ንጥረ ነገር ጥቁር ግራጫ መልክ ያለው ክሪስታል ሲሆን፣ ሲሞቅ ሐምራዊ ጋዝ ሆኖ ይነሣል። ይህን የአዮዲን ጠባይ አስታውሱ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በረዶ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። የውሃ ሞለኪውሎች ወደ በረዶነት ሲለወጡ በመካከላቸው ክፍተት ትተው ስለሚደረደሩ፣ በረዶ ከውሃ ይልቅ ቀላል ይሆናል፤ በላዩም ይንሳፈፋል። በውሃ ተሞልቶ የተከደነ ጠርሙስ በማቀዝቀዣ ውስጥ ሲረጋ የሚፈነዳውም ከዚህ የተነሣ ነው።

4. ብረታዊ ጠጣር

ወርቅ፣ መዳብ፣ ብረትና አሉሚኒየም የብረታዊ ጠጣሮች ምሳሌዎች ናቸው። በእነዚህ ውስጥ አቶሞቹ በሥርዓት ተደርድረው ሳለ፣ ከእያንዳንዱ አቶም የተለቀቁ ኤሌክትሮኖች በሁሉም መካከል በነፃ ይዘዋወራሉ። ኤሌክትሮኖቹ የማንም ሳይሆኑ የሁሉም ናቸው፤ አቶሞቹን አንድ ላይ የሚያስተሳስራቸውም ይኸው የጋራ ሀብት ነው።

በዚህ ምክንያት ብረታ ብረት ኤሌክትሪክንና ሙቀትን በሚገባ ያስተላልፋል። በመዶሻ ሲመታ አንዱ የአቶሞች ረድፍ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ ኤሌክትሮኖቹ ግን በየደረሱበት አቶሞቹን ስለሚያስተሳስሩ ቁሱ አይሰነጠቅም። ጨው በተሰበረበት ምት ወርቅ ይለጠጣል። አንድ ግራም ወርቅ ተቀጥቅጦ ከግማሽ ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ስፍራ ሊሸፍን ይችላል። የሌላ ንጥረ ነገር አቶሞች ሲጨመሩበት ግን የረድፎቹ መንሸራተት ይታገዳል። ብረት ጥቂት ካርቦን ሲጨመርበት ጠንካራ አረብ ብረት የሚሆነው ስለዚህ ነው። የትስስሩ ብርታት ከብረት ብረት ይለያያል። ሜርኩሪ በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ነው፤ ወርቅ በ1064፣ መዳብ በ1085፣ ብረት በ1538፣ በአምፑል ውስጥ የሚገኘው ተንግስተን ደግሞ በ3422 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል።

በሞለኪውላዊና በብረታዊ ጠጣር መካከል ያለውን ልዩነት አንጥረኞች ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርፅ በመጀመሪያ በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ጭቃው ከደረቀ በኋላ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ በተተወለት ቀዳዳ ይወጣል። በሰሙም ስፍራ የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። ወርቁ ሲረጋ ጭቃው ተሰብሮ ይነሣለታል። ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ይቀልጣል፤ ወርቅን ለማቅለጥ ከ1000 ዲግሪ በላይ ያስፈልጋል፤ ጭቃው ግን ሁለቱንም ሙቀት ችሎ ቅርፁን ይጠብቃል። የሦስቱ ጠጣሮች ጠባይ ባይለያይ ኖሮ ይህ ሙያ ባልኖረ ነበር። በቅኔ ትምህርት ላይ ላይ የሚታየውን ትርጉም «ሰም»፣ የተሰወረውን ትርጉም «ወርቅ» ብለን መጥራታችንም ከዚሁ የአንጥረኛ ሙያ የተወሰደ ነው።

5. መረባዊ ጠጣር

በመረባዊ ጠጣር ውስጥ ተለይቶ የሚቆም ሞለኪውል የለም። አቶሞቹ ኤሌክትሮኖችን እየተጋሩ ከዳር እስከ ዳር እንደ መረብ ይያያዛሉ። ለዚህ ዋና ምሳሌ የሚሆነን አልማዝ ነው። በአልማዝ ውስጥ እያንዳንዱ የካርቦን አቶም ከአራት የካርቦን አቶሞች ጋር በብርቱ የተሳሰረ ነው። ስለሆነም አልማዝ ከተፈጥሮ ማዕድናት ሁሉ ይልቅ ጠንካራ ነው፤ መስተዋት ይቆርጣል፤ ዐለት ይበሳል።

ግራፋይትም እንደ አልማዝ ከካርቦን ብቻ የተሠራ ነው። በዚህ ግን እያንዳንዱ አቶም ከሦስት አቶሞች ጋር ተያይዞ ጠፍጣፋ ንጣፍ ይሠራል፤ ንጣፎቹም እንደ መጽሐፍ ገጾች ይደራረባሉ። በንጣፎቹ መካከል ያለው ስበት ደካማ ስለሆነ በቀላሉ ይንሸራተታሉ። በእርሳስ ስንጽፍ በወረቀቱ ላይ የሚቀረው ጥቁር መስመር ከእነዚህ ንጣፎች ተፈቅፍቆ የወጣ ነው። ስሙ «እርሳስ» ይባል እንጂ በውስጡ እርሳስ የተባለው ከባድ ብረት የለም። ግራፋይት ነፃ ኤሌክትሮኖች ስላሉት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በባትሪ ድንጋይ መካከል የሚገኘው ጥቁር ዘንግም ለዚሁ ያገለግላል። እንግሊዛዊው ስሚዝሰን ቴናንት እ.ኤ.አ. በ1797 አልማዝ ካርቦን እንጂ ሌላ እንዳልሆነ በሙከራ አረጋግጧል። ከአንድ ንጥረ ነገር ይህን ያህል የተራራቁ ሁለት ጠጣሮች መገኘታቸው፣ የቁስን ጠባይ ለማወቅ ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ብቻ እንደማይበቃ ያስረዳናል።

ኳርትዝም መረባዊ ጠጣር ነው። በውስጡ ሲሊከንና ኦክሲጅን ተያይዘው ይገኛሉ፤ ለመቅለጥም ወደ 1700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋል። ጥቁር ድንጋይን ጨምሮ የአብዛኞቹ ዐለቶች መሠረት ይኸው የሲሊከንና የኦክሲጅን ትስስር ነው። ውሃ የጨውን አዮኖች ለመንጠቅ ይችላል፤ ይህን መረብ ግን በቀላሉ አይበጥሰውም። በመግቢያችን ላይ ለጠየቅነው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው።

6. ኢክሪስታላዊ ጠጣር

ከላይ የተመለከትናቸው ጠጣሮች ሥርዓት ያለው አሰላለፍ አላቸው። መስተዋት፣ አንዳንድ ፕላስቲክ፣ የዛፍ ሙጫና ባልጩት ግን ይህ ሥርዓት የላቸውም። ባልጩት እንደ ኳርትዝ ሁሉ በአብዛኛው ሲሊከንና ኦክሲጅን ነው፤ ነገር ግን ከእሳተ ገሞራ የወጣው ቅላጭ በፍጥነት ስለ ቀዘቀዘ አቶሞቹ በሥርዓት ለመደርደር ጊዜ አላገኙም። እንደ ተደበላለቁ በቦታቸው ረጉ።

ኢክሪስታላዊ ጠጣር ቁርጥ ያለ የመቅለጫ ነጥብ የለውም። ሲሞቅ ቀስ በቀስ እየለሰለሰ ይሄዳል። መስተዋት ሠሪዎች የጋለውን መስተዋት በትንፋሽ ነፍተው ጠርሙስ የሚያደርጉት በዚህ ጠባዩ ተጠቅመው ነው። ሲሰበርም በውስጡ የተሰለፈ ረድፍ ስለሌለው ስብራቱ እንደ ዛጎል ጎድጎድ ያለ ይሆናል፤ ጠርዙም እጅግ የሳለ ነው።

ይህ ስለት የሰውን ልጅ ከጥንት ጀምሮ አገልግሎታል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በአዋሽ ወንዝ ዳር በሚገኘው በመልካ ቁንጡሬ፣ ከ1 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ከባልጩት የተሠሩ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። በአቅራቢያው ያለው የድንጋዩ መገኛ ስፍራም ባልጩት ተብሎ ይጠራል። ሁለቱ ስፍራዎች እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኙ ቆዳ ፋቂዎችም የባልጩት መፋቂያን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሲጠቀሙ ኖረዋል።

7. ጨው፣ አዮዲንና ጤና

አሁን ወደ ጨውና ወደ አዮዲን እንመለስ። የሰው አካል አዮዲን ያስፈልገዋል። አንድ ጎልማሳ በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ይህ መጠን ለ70 ዓመት ቢደመር 4 ግራም እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ ይህች ጥቂት አዮዲን ስትጓደል በአንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ያብጣል፤ ይህም እንቅርት ይባላል። ከዚህ የከፋው ግን በዐይን የማይታየው ጉዳት ነው። በእርግዝና ጊዜ አዮዲን በብርቱ ከጎደለ የፅንሱ አእምሮ በሚገባ አያድግም፤ ይህ ጉዳት ደግሞ ኋላ በሕክምና አይመለስም። በደጋማ አገር ዝናብና ጎርፍ አዮዲንን ከአፈሩ አጥቦ ስለሚወስድ፣ በዚያ የሚበቅለው እህልም አዮዲን ያንሰዋል።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ሰው ሁሉ በየቀኑ በሚመገበው በጨው ውስጥ አዮዲንን መጨመር ነው። ነገር ግን ንጹሕ አዮዲን ሞለኪውላዊ ጠጣር ስለሆነ ቢጨመር ወደ ጋዝ ተለውጦ ይጠፋል። ስለዚህ የሚጨመረው በአዮናዊ ውህድ መልክ ነው። ፖታሲየም አዮዳይድ አዮናዊ ቢሆንም፣ እርጥበትና አየር ሲያገኙት ቀስ በቀስ ንጹሕ አዮዲን እየሆነ ይተናል። ፖታሲየም አዮዴት ግን ከዚህ ይልቅ ስለሚጸና፣ ሙቀትና እርጥበት በሚበዛባቸው አገሮች ተመራጭ ሆኗል። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ደንብ ለምግብ የሚቀርብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው አዝዟል።

አዮዲን ያለው ጨው ቤት ከገባ በኋላ ጥበቃው የቤተሰቡ ፈንታ ነው። አዮዴቱ የሚገኘው በአብዛኛው በጨው እንክብሎች ገጽ ላይ ስለሆነ፣ ጨውን ለማጥራት ተብሎ በውሃ ማጠብ አዮዲኑን አብሮ ማፍሰስ ነው። ጨው በተከፈተ ዕቃ ሲቀመጥ ይረጥባል፤ ከርጥቡ ጨው የሚንጠባጠበው ውሃም አዮዴቱን ይዞ ይወርዳል። ስለሆነም ጨው በደረቅና በተከደነ ዕቃ፣ ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ መቀመጥ አለበት። ወጥ ውስጥም ምግቡ ሊወጣ ሲል ቢጨመር ይመረጣል። ይህ ማለት ግን ጨው አብዝቶ መብላት ይገባል ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ጎልማሳ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲመገብ ይመክራል።

አዮዲኑን በፋብሪካ የሚጨምረው ባለሙያ ስለ አዮናዊና ስለ ሞለኪውላዊ ጠጣር ልዩነት ጠንቅቆ ያውቃል። ይኸው ዕውቀት በማእድ ቤት ካልተዳረሰ ግን ድካሙ ከእጥበቱ ውሃ ጋር ይደፋል። ይህን የተማረ ሁሉ ለቤተሰቡና ለጎረቤቱ ሊያስረዳ ይገባዋል።

ሐ. የምንባብ ጥያቄዎች

ለሚከተሉት ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. የአንድን ጠጣር ጠባይ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ምንድን ናቸው?
2. በአንድ ዓይነት ምት ጨው ሲሰበር ወርቅ የሚለጠጠው ለምንድን ነው?
3. ደረቅ ጨው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ በውሃ የሟሟ ጨው ግን ያስተላልፋል። ምክንያቱን አብራሩ።
4. አሞሌን ለገንዘብነት ያበቁትና ለጉዳት የዳረጉት ጠባዮች የትኞቹ ናቸው?
5. አልማዝና ግራፋይት ከአንድ ንጥረ ነገር ተሠርተው ሳለ በጠባይ የተለያዩት ለምንድን ነው?
6. ባልጩትና ኳርትዝ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
7. በጨው ውስጥ ንጹሕ አዮዲን የማይጨመርበት ምክንያት ምንድን ነው?
8. ጎረቤታችሁ አዮዲን ያለውን ጨው አጥባ ስትጠቀም ብታዩ ምን ብላችሁ ታስረዷታላችሁ?

መ. የቃላት ጥናት

1. የሚከተሉትን ቃላት ፍች አጥኑ።

ቅንጣት፦ እጅግ ጥቃቅን የሆነ የቁስ ክፍል
ትስስር፦ ቅንጣቶችን አንድ ላይ አያይዞ የሚይዝ ኃይል
ሙል፦ አንድ ቅንጣት የሚይዘው አዎንታዊ ወይም አሉታዊ ኤሌክትሪክ
አንጥረኛ፦ ወርቅና ብር እያቀለጠ ጌጥ የሚሠራ ባለሙያ
ቅላጭ፦ በሙቀት ኃይል የቀለጠ ነገር
ረጋ፦ ፈሳሽ የነበረው ጠጠረ

2. «ቀለጠ»፣ «ሟሟ» እና «ተነነ» የሚሉት ግሶች በንግግር ጊዜ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ይሰማል። በሳይንስ ጽሑፍ ግን እያንዳንዱ የየራሱ ስፍራ አለው። አንድ ጠጣር በሙቀት ኃይል ብቻ ፈሳሽ ሲሆን «ቀለጠ» እንላለን። በሌላ ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ ቅንጣቶቹ ሲበተኑ «ሟሟ» እንላለን። ወደ ጋዝ ሲለወጥ ደግሞ «ተነነ» እንላለን። በዚህ መሠረት ባዶ ቦታዎቹን በተስማሚው ግስ ሙሉ።

ሀ. ስኳሩ በሻዩ ውስጥ ________።
ለ. ሻማው ከእሳት አጠገብ ስለ ተቀመጠ ________።
ሐ. በቁም ሣጥኑ ውስጥ የነበረው ናፍታሊን ________።
መ. በ801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨዉ ________።

ሠ. ሰዋስው

ስለ ቁስ ጠባይ ስንጽፍ ከግስ የሚወጡ ቅጽሎችን በብዛት እንጠቀማለን። «ሰበረ» ከሚለው ግስ አድራጊውን የሚያመለክት «ሰባሪ»፣ ድርጊቱ የሚደርስበትን የሚያመለክት «ተሰባሪ» ይወጣል። «ጨው ተሰባሪ ነው» እንላለን እንጂ «ጨው ሰባሪ ነው» አንልም። እንዲሁም ውሃ «አሟሚ»፣ ጨው «ሟሚ» ነው። ከዚህ በታች ከተሰጡት ግሶች በተመሳሳይ መንገድ ቅጽሎችን አውጥታችሁ በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ።

ቀጠቀጠ፣ አስተላለፈ፣ ለወጠ፣ ሳበ

ረ. የጽሑፍ መልመጃ

በቤታችሁ ከሚገኙ ዕቃዎች አምስት ጠጣሮችን መርጣችሁ ጠባያቸውን መርምሩ። ተሰባሪ ነው ወይስ ተለጣጭ? በውሃ ይሟሟል ወይስ አይሟሟም? ለስላሳ ነው ወይስ ጠንካራ? ከዚያም እያንዳንዱ ከአምስቱ ወገኖች በየትኛው እንደሚመደብ ከነምክንያቱ በአንድ አንቀጽ ጻፉ። ጽሑፋችሁን በክፍል ውስጥ እያነበባችሁ ተወያዩበት።